ነባሪ

ሐምሌ ነው፤ አዌቱ ደፍርሶ እስከ ድልድዩ ሞልቷል፣
የመንደራ ቆርቆሮ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ወሬ ያወራል።
በሬ ላይ ባጃጅ ቆመ፤ አንዲት ሴት ወረደች፣
ላፕቶፗን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ እንደ ጨቅላ ታቅፋ፣ ራሷ ግን በስብሳለች።
«ነስሩ የለም?» አለች።

የመጣ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።
ሁለት ዓመት አለፈው ቦንጋ ላይ ሱቅ ከከፈተ፣
መበየጃውን ወሰደ፤ ስሙን ግን ታፔላው ላይ
ከነቀለሙ ጎለተ።

«እኔ ልይልሽ» አልኳት፤ በርጩማ ሳብኩላት፣ ባለ ሦስት እግር፣
ጫማዋን ሳታራግፍ ገባች ወደ ነገር።
ዘይባ ትባላለች፣ ሸቤ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፣
ለሥልጠና አመልክታ «ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል መጥቶላት፣
ከሥሩ ሰማያዊ መስመር፦ «እዚህ ላይ ነክተው ያረጋግጡ፣
እስከ ዛሬ እኩለ ሌሊት።»
«እነካዋለሁ» አለችኝ፣ «ጣቴ እስኪላጥ እነካዋለሁ፣ ምንም!
አይከፍትም፣ አይቆጣም፣ አይስቅም።
ምጥ እንኳ ቢሆን ይሄኔ...» ብላ ተወችው።

እኔም ነካሁት። ቀስቷ እጅ ሆነች፣ ጣቷን ቀሰረች፣
አንዲት ትንሽ ክብ ዞረች፣
ከዚያ እንዳልነበረች።

ሌላው ቢሆን «ቫይረስ ነው» ይላል፣
«ፎርማት» ይላል፣ ሁለት ሺህ ብር ይቀበላል፣
የልጆቿን ፎቶ ጠራርጎ ያጠፋል።
እኔ ጠየቅኋት፦ «ሰሞኑን ከዚህ ላይ የተነሣ ነገር አለ?»
«የወንድሜ ልጅ አጸዳልኝ፤ አንዱን ብራውዘር ነቀለ፣
ቦታ ይይዛል እያለ።»

በቃ እሱ ነው።

ሴቲንጉን ገለጥኩ፤ ቋንቋው አማርኛ ነው፤
«ነባሪ መተግበሪያዎች» ይላል፤
ይቺ ቃል ሁሌም ታስቀኛለች።
ነባሪ፦ የሚኖር፣ የከረመ፣ ከቤቱ የማይወጣ፤
እዚህ ነባሪ የተባለው ግን የወጣ፣
ከነጓዙ የወጣ።
ስሙ አለ፤ መልኩ ግን ነጭ ወረቀት ሆኗል፣
ኢሜይሉ ምስኪን ታማኝ ነው፤ በተላከ ቁጥር
ያንኑ የድሮ ደጅ ያንኳኳል።
«ቤቶች!» ይላል። መልስ የለም።
ሌላ በር እንዳለ ማንም አልነገረውም።

ከጎኑ ሌላ ብራውዘር፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ፣
አንድ ቀን እንኳ ለወግ ያልተመረጠ፤
ሾምኩት። ግን ሹመት በአንድ ቃል አያልቅም፣
ከታች አራት መስመሮች አሉ፤ የአሮጌውን ስም መጥራት አልተዉም።
አንድ በአንድ፣ በእጄ፣ እያንዳንዱን አዞርኩ።

አራተኛው ላይ መብራት ሄደ።
ላፕቶፑ ዐሥራ አንድ ፐርሰንት ይዞ ቀረ፣
ዋይፋዩ ዐይኑን ከደነ፤ ስልኬን አቀበልኩት፣ አደረ።
«በይ አሁን አንቺው ንኪው፤ ያንቺ ነው» አልኳት።
ነካችው።
ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ዝናቡ ብቻ ይሰማል፣
ከዚያ አረንጓዴ መጣ፦ «ተረጋግጧል።»
ዘይባ ትንፋሿን ለቀቀች፤
የሕፃን ጩኸት እንደሰማች።

«ስንት ነው?» «መቶ ሃምሳ።» ሁለት መቶ ሰጠች፣ መልሱን እምቢ አለች፣
ላፕቶፗን ዳግመኛ በፌስታል እየጠቀለለች።
ከደጃፍ ዞር ብላ፦ «ነስሩን ሰላም በይልኝ፣
አላህ ይስጠው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሁሌም ሠርቶ ነው የሚሸኘኝ።»

ልቆጣ አሰብኩ፤ ሳቄ ቀደመኝ።
ደረሰኝ የምመታበት ማኅተም እንኳ የሱ ነው።
እኔስ? የሞተ ቦርድ ሲመጣ፣ ነገሩ ሲጠናብኝ፣
ጣቴ ቀድሞኝ የሚደውለው ቦንጋ ነው።
አራቱን መስመር አዞርኩ፤
አምስተኛው እጄ ላይ ነው።

ሲመሽ አንድ ሰው መጣ፣ ፕሪንተር በጫንቃው አዝሎ፣
በጨለማው ውስጥ ቆመ፣ ጣራዬ ሥር ተጠልሎ።
«ቤቶች! ነስሩ የለም?»

«አለሁ» አልኩት።